ያልተሣለው ቤት

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ ካርታው ላይ ትፈልጓታላችሁ፤ ካገኛችኋት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርባት ማለታችሁ አይቀርም። ከዚህ በላይ ጭማሪ የምንሸከምበት ትከሻ የለንም።

እኔ እዚያው ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ከመንገዱ ማዶ፣ ከቲቸር አልጣሽና ከጋሽ አያልነህ ቤቶች ፊት ለፊት ነው። የማወራላችሁ በመስኮቴ ያየሁትን ነው። መስኮቴ ያላሳየኝን ቲቸር ራሷ ነግራኛለች፤ እሷ ደግሞ ስትናገር አትቀባባም።

ካርታው የመጣ ጊዜ «የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው» ተባለ። ስልክ ያለው ሁሉ ገብቶ የሚያውቀውን መንገድ፣ ቤት፣ ዛፍና ምንጭ በጣቱ ይሥላል፤ የዓለም ሰው ደግሞ ባለበት ሆኖ ያያል። ክፍያ የለውም፣ በጎ ፈቃድ ነው። የሣዩ ስም ብቻ ከሣለው ነገር ሥር በደቃቅ ፊደል ይቀመጣል። ለዚያች ደቃቅ ስም ሲል የከተማችን ሰው ዕረፍት አጣ። ገበያ ላይ ሻጩም ገዢውም አቀርቅሮ ይሥላል። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ እልል የሚል ጠፋ፤ ታዳሚው በሙሉ ድንኳኑን ለመሣል ይሽቀዳደም ነበር። ያ ድንኳን እስከ ዛሬ ተተክሎ አለ። ለምን እንዳልተነቀለ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ልማዳችን ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሰው የራሱን ልጆች አይቆጥርም፣ የራሱን በሬ አያሞግስም፣ ድግስ ላይ ለራሱ አይቀዳም። የሚቀዳለት ጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው። ጎንህ ያለው ካኮረፈህ፣ ጠጁ እየተንቆረቆረ አንተ ጠምቶህ ትነሣለህ እንጂ እጅህን ወደ ብርሌው አትሰድም። «ቅዳልኝ» ማለትማ ከዚያም የባሰ ነውር ነው። ካርታው ሲመጣ ይኸው ልማድ ተከትሎት ገባ። ማንም የራሱን ቤት አይሥልም። የሚሥልለት አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ነው። ራሱን የሣለ ሰው ከተገኘ ሥዕሉ በማግስቱ ይሰረዛል፤ ሰውየውም ለጥቂት ሳምንት የእግዜር ሰላምታ ይነፈጋል። ማዶ ያለ፣ አጥር የማይጋራ ሰው የሣለውም እንደዚያው አይጸናም።

ለዚህ ሥራ እንደ ቲቸር አልጣሽ የተፈጠረ ሰው አልነበረም። ዕድሜ ልኳን ስፖርት ስታስተምር ኖራ ጡረታ ስትወጣ ፊሽካዋን ከአንገቷ ለማውለቅ እንቢ ያለች ሴት ናት። ተቀምጣ ያያት የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆና እግሯ መሬቱን ይመታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ባሰባት፤ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ከተማውን ትዞራለች፣ ተመልሳ በረንዳዋ ላይ ትንሽ ትቆምና እንደገና ትወጣለች። ቤቷን ከባሏ ጋር አንድ ዓመት ግድግዳ፣ አንድ ዓመት ጣሪያ እያሉ የሠሩት ነው። «እግሬ የሚያርፍበት ቦታ በዓለም ላይ ካለ ያ በረንዳ ነው፤ ገና አላረፈም እንጂ» ትለኝ ነበር።

ካርታው ለእግሯ መሄጃ ሰጣት። ከበር በር እየዞረች ሰውን ሁሉ መሣል አስተማረች። ሽማግሌውን፣ ባልቴቷን፣ ነጋዴውን ጣታቸውን ይዛ «አራት መስመር፣ አንድ በር፣ ጨረስክ!» ትልና ፊሽካዋን ትነፋለች። ተኳርፈው የከረሙ ጎረቤቶችን ሳይቀር አጥራቸው ላይ አቁማ እርስ በርስ አሣሣለቻቸው። በከተማው ውስጥ አጥር ተጋርቶ ያልተሣሣለ ሰው አልቀረም። ከአንድ ሰው በቀር። ያም ሰው ቲቸር አልጣሽ ነበረች።

የቲቸር ቤት በአንድ ጎኑ ገደል ነው፣ በጀርባው ወንዝ ነው፣ በፊቱ መንገድ ነው። አጥር የምትጋራው ከጋሽ አያልነህ ጋር ብቻ ነው። ጋሽ አያልነህ ደግሞ አኩርፏታል።

ጋሽ አያልነህ ጃንጥላ ጠጋኝ ነው። የጠገናቸውን ጃንጥላዎች ሙጫቸው እንዲደርቅ ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ይተዋቸዋል። ካርታው በመጣበት ክረምት የቲቸር አሸንዳ ተቀደደና የጣሪያዋ ውሃ እንዳለ በጃንጥላዎቹ ላይ ወረደ። ሙጫው ለቀቀ፤ የስንት ቀን ሥራ ብላሽ ሆነ። አጥሩ ጋ መጥቶ ሲጮህባት ይቅርታ ብትለው ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ያ አንደበቷ ቀደማት፦ «ዝናብ ከፈራማ ምኑን ጃንጥላ ሆነ?»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ጋሽ አያልነህ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ይከባበሩ ጀመር። ድሮ አንተ አንቺ ይባባሉ የነበሩ ሰዎች፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ» «እግዜር ይመስገን፣ እርስዎስ» ተባባሉ። በኛ አገር ከዚህ የከፋ ጠብ የለም። ሁለት ክረምት እንደተከባበሩ አለፈ።

የቲቸር ቤት አለመሣሉ ያን ጊዜ ነውር እንጂ አደጋ አልነበረም። አደጋ የሆነው «የካርታና የመሬት አስታራቂ» የሚባለው መሥሪያ ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው። አዋጁ አጭር ነበር፦ ካርታውና መሬቱ እንዳይለያዩ። ሲለያዩ የትኛው ይታረም የሚለው አልተጻፈም። ነገር ግን ካርታውን ሕዝብ ነው የሣለው፣ ሕዝብ የሣለውን ደግሞ መንግሥት አይሰርዝም። ከዚያም በላይ መሥሪያ ቤቱ ሲቋቋም የተሰጠው አካፋ፣ ዶማና አንድ የጭነት መኪና ነበር። በአካፋ የሚታረመው መሬት ነው።

መጀመሪያ ላይ ጉዳዩ ደስታ ነበር። አንዲት ሴት ተሳስታ ውሃ በሌለበት ቧንቧ ሣለች፤ በሳምንቱ ቧንቧ ተተከለ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ መሳሳት ጀመረ። አንዱ ደጁ ላይ መብራት ሣለ፣ ሌላው ዳገቱ ላይ ኳስ ሜዳ ሣለ። ኳስ ሜዳው ተሠርቷል፤ ኳሱ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው፣ በዚህም የተነሣ የላይኛው ሠፈር ተሸንፎ አያውቅም። አንድ በጎ ፈቃደኛ መንገዳችንን ሲሥል አስነጠሰውና መስመሩ ተጣመመ። አስታራቂዎቹ መጥተው ቀጥ ያለውን መንገድ ቆልምመውት ሄዱ። እስከ ዛሬ መኪና ሁሉ እዚያ ጋ ፍሬን ይይዛል፣ ቦታውም «ይማርህ» ይባላል። የሠርጉ ድንኳንም እንግዲህ ካርታው ላይ ስላለ አይነቀልም፤ ሙሽሮቹ ሁለት ልጅ ወልደዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ሐይቁ ነው። የአንዱ ጣት ተንሸራቶ ሁለቱ ወፍጮ ቤቶች መካከል ሐይቅ ሣለ። አስታራቂዎቹ ውሃ ያመላልሱ ጀመር። ውሃው ይሰርጋል፣ እነሱ ይጨምራሉ። በኋላ ሁለቱ ባለወፍጮዎች «ዳርቻው የኔ ነው» «የኔ ነው» ብለው ተሟገቱ። በደንቡ ደግሞ ካርታው ላይ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች በሚከራከሩበት ነገር፣ ክርክሩ እስኪቋጭ አካፋ አይነሣም። ስለዚህ ውሃው ቆመ። ባለወፍጮዎቹ አሁንም እየተከራከሩ ነው፤ እኛም ጭቃውን እየዞርን እናልፋለን።

ያለቦታው የተሣለው ሁሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን መሥሪያ ቤቱ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ መሥሪያ ቤት ደግሞ ዐይኑን ማሻሸቱ አይቀርም። ሲያሻሽ፣ መሬት ላይ ያለ ካርታው ላይ ግን የሌለ ነገር ታየው። በአንድ ባልቴት ዶሮ ቤት ተጀመረ። ቀጥሎ አንድ ማድ ቤት፣ ቀጥሎ ማንም አስታውሶት የማያውቅ ሐውልት። የሚነሣው ነገር ላይ አስቀድመው በነጭ ቀለም ባዶ ክብ ያደርጉበታል። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ሲያፈርሱ ዕቃ ያወጡልሃል፣ አቧራው እንዳይነካህ «ዞር ይበሉ አባቴ» ይሉሃል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ቲቸር አልጣሽ ከዙረቷ ስትመለስ በሯ ላይ ነጩን ክብ አገኘችው። ሰኞ እንመጣለን ብለው ለኔ ነገሩኝ፤ እኔም ነገርኳት። ክቡን በመዳፏ አሸችው። አልደረቀም ነበር፣ እጇ ነጭ ሆነ።

እዚያው በቆመችበት ዞራ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሮጠች። ዋናው አስታራቂ ትሑት ሰው ነው፤ ተነሥቶ ተቀበላት።

«ቤቴ አለ» አለችው። «ዛሬ ጠዋት ከሱ ነው የወጣሁት።»

«እሱን መቼ ካድን? የለም አላልንም። አልተሣለም ነው ያልነው።»

«ታዲያ ሣሉት!»

«እኛ?» ደነገጠ። «እኛ እኮ ደመወዝተኞች ነን ቲቸር። ካርታው የበጎ ፈቃደኛ ነው። ለኛ የተሰጠን አካፋ ነው።»

«እንግዲያው እከራከራለሁ። ክርክር ካለ አካፋ አይነሣም አይደል? ያዙልኝ!»

«ክርክር ካርታው ላይ ላሉ ሰዎች ነው። ያልተሣለ ሰው በምን ይከራከራል?» ከልቡ አዘነላት። «ልጄን አስተምረውልኛል፤ በጣም ነው የሚያነሣዎት። ሰኞ ዕቃ የሚያወጡ ጎረምሶች ጨምሬ አመጣልዎታለሁ።»

ዓርብና ቅዳሜ ጎረቤቱ እየመጣ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠ፣ ልክ ሰው እንደሞተበት ቤት። ጣታቸውን ይዛ ያስተማረቻቸው ሁሉ መጡ። «እኛ ብንሥልልሽ ደስታችን ነበር፤ ምን ይደረግ፣ አጥር አንጋራም» እያሉ አንገታቸውን ደፉ። አንዷማ የማልቀሻ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የመጣችው። ቲቸር ከነሱ መሃል ወዲያ ወዲህ ትላለች። ወንበር ሲሰጧት ትቀበልና ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች።

«ለምን አያልነህን አትጠይቂውም?» አልኳት።

«እኔ?» ቆመች። «ምን ብዬ? ቅዳልኝ ብዬ? ጎኔ የተቀመጠ ሰው ብርሌዬ ባዶ መሆኑን ካላየ እንዲያይ እለምነዋለሁ?»

«ቤትሽ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ቤቴ እንደሆነ!» ብላ ጮኸችብኝ። ቀጥላ ድምፅዋ ወረደ። «ግድግዳውን ሲመርግ ያን ጊዜ ጣቱ የነካው ምልክት አሁንም በውስጥ በኩል አለ» አለችኝ። ባሏን ማለቷ ነበር። 

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሲበተንላት፣ ስልኳን ከፈተችና ሠፈራችንን አየች። የኔ ቤት አለ። የጋሽ አያልነህ ቤት አለ፤ ከሥሩ «በአልጣሽ የተሣለ» ይላል። የሣለችው በተጣሉበት ሳምንት ነው፤ ያኔ ንዴቷ ሳይበርድ እንኳ ግዴታዬ ነው ብላ አራቱን መስመርና አንዱን በር አሳምራ አስቀምጣለታለች። ከሱ ቀጥሎ ሜዳ ነው። የሷ ቤት ያለበት ቦታ ባዶ ሜዳ። ሣዩ የሣለውን መሰረዝ ይችላል፤ አንዴ መጫን ብቻ ነው። ጣቷን ቤቱ ላይ አደረገች። «እንግዲያው አብረን እንውጣ፤ ያን ጊዜ ባዶ ማለት ምን እንደሆነ ይግባው» አለች። ይህን ስትነግረኝ አላፈረችም፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት።

እኔ በቤቴ ሆኜ የሰማሁት ፊሽካ ነው። ሌባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ወጣሁ። ለራሷ ነበር የነፋችው። «ከፊትህ የሚሮጠውን እግሩን ጠልፈህ አትጥለውም» ብላ ልጆቹን ስትቆጣ ዕድሜዋን ጨርሳለች፤ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ራሷን አስቆመች። ስልኳን ዘጋችና እሑድን ቀኑን ሙሉ ከገደሉ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ገደሉ ስትመላለስ ዋለች።

ሰኞ ዝናብ ሆኖ ነጋ። ጎረምሶቹን የጫነው መኪና ከመንገዱ ራስ ሲመጣ «ይማርህ» ጋ ሲደርስ ጭቃው ያዘው፤ ሾፌሩ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይል ጀመር። ሠፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቆሟል። ቲቸር አልጣሽ ወደ መኪናው አየች፣ ወደ በረንዳዋ አየች፤ ከዚያ ከሁለት ክረምት ወዲህ ያልነካችውን የጋሽ አያልነህን በር ገፍታ ገባች። እኔም ተከተልኳት፤ ዕድሜዬ ለወሬ እንጂ ለምን ይሆናል?

ጋሽ አያልነህ ግቢው ውስጥ ከተዘረጉት ጃንጥላዎች መሃል ቆሞ ነበር። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል።

«ጋሽ አያልነህ» አለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይቅዱልኝ።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እንዲህ ያለ ቃል በሰው ፊት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

«አልችልም» አለ።

ቲቸር ዐይኗ እንባ ሞላ። «እሺ። መልካም። እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዞረች።

«አልችልም አልኩሽ እኮ!» ብሎ ጮኸ ከኋላዋ። «አልሥልም መቼ አልኩ? አልችልበትም!» ከኪሱ ባለቁልፍ ስልኩን አወጣ፤ ተሰባብሮ በላስቲክ የታሠረ ስልክ ነው። «ሠፈሩን በሙሉ ጣቱን ይዘሽ አስተማርሽ። ዕውር እንኳ አልቀረሽም። የኔን በር ብቻ ዘለልሽ። በመስኮት አይሻለሁ፤ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እላለሁ።»

«ብትጠይቀኝስ?»

«ቅጂልኝ ይባላል?»

 እርስዎ መባባሉ የት እንደጠፋ ሁለቱም አላስተዋሉም። ቲቸር ስልኳን አውጥታ ዐይኑ ሥር ደቀነችው። «ይሄ ቤትህ ነው። ማን እንደሣለው አንብብ።»

መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። «መቼ?»

«በተጣላን ሳምንት።»

«እኔ እኮ በዚያ በኩል ያለው ባለወፍጮ መስሎኝ!» አለ። «እስከ ዛሬ ጃንጥላውን በነፃ ነው የምጠግንለት!»

ሳቋ አመለጣት፤ እያለቀሰች ሳቀች። መኪናው ግን ከጭቃው ወጥቶ ሲያጓራ ተሰማ። እጁን ይዛ ወደ አጥሩ ጎተተችው፣ ሁለቱም ቤቶች ወደሚታዩበት። በራሷ ስልክ ካርታውን በሱ ስም ከፈተችለትና «አራት መስመር፣ አንድ በር» አለችው። ጣቱን ያዘች። ጣቱ መስተዋቱን ነካ፤ መስተዋቱ ግን ጣቱን አላወቀውም። ለስንት ዘመን ሙጫ የጠጣ ጣት ነው፣ እንደ ቀንድ ደርቋል። ሌባ ጣቱን ሞከሩ፣ መሃል ጣቱን ሞከሩ። በቀሚሷ ጫፍ አሸችው፣ ምራቋን እንትፍ አለችበት። ምንም የለም። መኪናው በሩ ላይ ቆመ። የአካፋ ድምፅ ተሰማ።

«ትንሿን! ትንሿን ጣትህን!»

ትንሿን ጣቱን አሳረፈ፤ አንድ አጭር መስመር ወጣች። ቲቸር በደስታ ዘለለች። በዚያች ቅጽበት ያ የተቀደደ አሸንዳዋ፣ ለሁለት ክረምት ሳታሠራው የቀረችው፣ ውሃውን ቷ አድርጎ ስልኩ ላይ ለቀቀው። መስመሯ በውሃው ላይ ሮጠች። በሷ ቤት ዞረች፣ አጥሩን ዘለለች፣ የሱንም ቤት ከበበች፣ ተመልሳ ገጠመች። መሃሏ ላይ አንድ ጠብታ እንደ በር ቁጭ አለች። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ሣጥን ውስጥ ገቡ፤ የሱ የቀድሞ ሥዕልም በዚያው ተዋጠ። «ተመዝግቧል» አለ ስልኩ፤ ይህን ብሎ ውሃውን ስለጠገበ ጠፋ።

ዋናው አስታራቂ ጃንጥላ ይዞ ገባ፤ ጋሽ አያልነህ የጠገነው ጃንጥላ ነው። በሌላ እጁ የራሱን ስልክ ያያል። «እንኳን ደስ አለዎት ቲቸር! ተሥሏል። በጣም ነው ደስ ያለኝ።» ትንሽ አየና ፊቱ ጠቆረ። «ግን... ካርታው ላይ ያለው አንድ ቤት ነው። እዚህ ደግሞ ሁለት አሉ።»



«አንዱ ይነሣል» አለ አስታራቂው ቀስ ብሎ። «የትኛው እንደሆነ እንኳ እኛ አንወስንም። እናንተው ተስማሙ። ጎረቤታሞች ናችሁ።»

ቲቸር ወደ ጋሽ አያልነህ አየች። በሷ ምክንያት የሱም ቤት ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ደረቷ ላይ ያለውን ፊሽካ በእጇ ጨበጠችው። «የኔ ይነሣ» አለች። «እሱ የኔን ለመሣል ብሎ ነው እዚህ ውስጥ የገባው።»

ጋሽ አያልነህ ወደ አጥሩ ሄደና አንዱን ቋሚ እንጨት አቅፎ ነቀነቀው፤ ነቅሎም ጣለው። «የቱ ሁለት ቤት?» አለ እያለከለከ። «እኔ የማየው አንድ ቤት ነው።»

«መሃሉ ላይ አጥር አለ እኮ።»

«የቱ አጥር?» አለና ሁለተኛውን ነቀለ።

ቲቸር ፊሽካዋን ነፋች። ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲያዝን የነበረው ሠፈር ተንቀሳቀሰ። ጣታቸውን ይዛ ያስተማረቻቸው ሁሉ ገቡ፤ አንዱ ቋሚ ይነቅላል፣ አንዱ ቆርቆሮ ያቀብላል፣ ያቺ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴትዮ ሳትቀር ሚስማር በአፏ ይዛ መሰላል ላይ ወጣች። ቲቸር ከታች «አንድ! ሁለት! አንድ! ሁለት!» ትላለች። ከሷ ጣሪያ እስከ እሱ ጣሪያ ቆርቆሮ ተዘረጋ፤ ያ የተቀደደ አሸንዳ ተነቅሎ ተጣለ። አስታራቂዎቹ መጀመሪያ ቆመው አዩ። በኋላ ግን መሬቱን ከካርታው ማስታረቅ ሥራቸው ስለሆነ አካፋቸውን ይዘው ያግዙ ጀመር። ቀትር ላይ አንድ ቤት ሆነ። አላማረም፤ አንዱ ትከሻው ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። ግን አንድ ነው።

ዋናው አስታራቂ ዞሮ አየው፤ ስልኩንም አየ። «ተባረኩ» አለ። «አሁን አንዲት ትንሽ ነገር ቀረች። ካርታው ላይ በሩ አንድ ነው። እዚህ ሁለት በር አለ። አንዱ ይደፈናል። የማንኛችሁ ይሁን?»

የሁለቱም ፊት ላይ ድካም ወደቀ። ጋሽ አያልነህ «እንግዲህ የኔ...» ብሎ ጀመረ። ቲቸር አልጣሽ ግን ድንገት ክንዱን ጨበጠችው። ዐይኗ ወዲያ፣ ወደ ወፍጮ ቤቶቹ፣ ወደዚያ ሞልቶ ወደማያውቀው ሐይቅ ሄዶ ነበር።

«የሱ ይደፈን!» ብላ ጮኸች። «የሱ በር ምን በር ነው? የበግ መውጫ ነው!»

ጋሽ አያልነህ አፉን ከፍቶ ቀረ። «የኔ?... ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ...» አለና ክንዱን የጨበጠችበትን አጨባበጥ አየ፤ ቀስ እያለ ገባው። «በገዛ ቤቴ! ያንቺው ይደፈን! ዝናብ አስገቢ!»

«ጃንጥላ አስፈሪ!»

«ይሄ... ክርክር ነው?» አለ ዋናው አስታራቂ።

«ክርክር ነው!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ስልኩን አየ። ሁለቱም ካርታው ላይ ናቸው። ረጅም ጊዜ አየው፤ የገባው ይመስለኛል፣ ባይገባው ደግሞ ደንቡ ገብቶታል። ጃንጥላውን ዘጋና «አካፋ ጫኑ» አለ።

ይኸው እንግዲህ። ቤቱ እስከ ዛሬ ሁለት በር ነው። አስታራቂው በየሰኞው ይመጣል፣ «ተስማማችሁ?» ይላል፣ የመጣባቸውን ስድብ ሰምቶ ይመለሳል። ሌላው ሠፈርም ነገሩ ገብቶት ይከራከር ጀምሯል፤ ከተማችን ቀኑን ሙሉ ጩኸት ነው፣ ሲያልፉ የሚሰሙ እንግዶች እርስ በርሳችን የምንጠላላ ይመስላቸዋል። ጋብቻ አለ የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ይክዳሉ።

እኔ የማውቀው በመስኮቴ የማየውን ነው። ቲቸር አልጣሽ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች። ተቀምጣለች ነው የምላችሁ፤ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ዘርግታ። አጥሩ በነበረበት ቦታ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ አለ። ብርሌው ሲጎድል እሷ ለሱ ትቀዳለች፣ እሱ ለሷ ይቀዳል። ሰኞ ሰኞ ከላይ፣ «ይማርህ» ጋ የአስታራቂዎቹ መኪና ፍሬን ሲይዝ ይሰማል፤ ጋሽ አያልነህ ብርሌውን ያስቀምጥና ክንዷን ነካ ያደርጋታል።

«ተነሺ፣ ደረሱ» ይላታል። «የዛሬው የመጀመሪያ ስድብ የኔ ነው።»